አንጎል የለውም የተባለው ትል

ሰው ለሳይንስ ዓይኑን ሰጥቷል፣ ዕድሜውን ሰጥቷል። ባሌ ሆዱን ሰጠ። ክብር ይገባዋል።

ባሌ የጥገኛ ትሎች ምርምር ተቋም ውስጥ የነርቭ ክፍል ኃላፊ ነው። የኮሶ ትል ያዘውና ክኒን ዋጠ። የወጣለትን በስኳር ጣሳ አድርጎ ቢሮ ይዞት ሄደ። ጣሳዋ የእኔ ነበረች።

ክፍሉ በሙሉ ሥራ ፈትቶ ትሉን ቀለም ነከረው፤ በማይክሮስኮፕ አየው። በግራና በቀኝ ረጅም የነርቭ ገመድ፣ መሀል መሀሉን እንደ መሰላል የሚያገናኙ ክሮች። ወደ ላይ ሄዱ፣ ሄዱ፣ አለቁ። አንጎል የለም።

«ክቡር ኃላፊ፣ ታሪክ ሠሩ!» አለ ምክትሉ።

ባሌ «ትሉ አንጎል የለውም!» እያለ እየበረረ ቤት መጣ።

«ጭንቅላቱስ?» አልኩት።

«የለውም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ተበጥሶ ሆድህ ውስጥ ቀርቶ ነዋ! መልሶ ያድጋል። ድገምና ዋጥ።»

«ብውጥና ጭንቅላት ቢወጣስ?»

«ተገላገልካ!»

«ግኝቱስ?»

ተቋሙ ጉዳዩን በጥልቀት መርምሮ፣ የሚመለከታቸውን አካላት አወያይቶ፣ ክኒኑ «የግኝቱን ቀጣይነት አደጋ ላይ የሚጥል» ስለሆነ ባሌ እንዳይወስደው በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ባሌም እጁን አወጣ።

ትሉ አደገ። ባሌ መነመነ። እኔ ሱሪውን አጠብባለሁ፣ እሱ የልጆቹን ሰሃን ሳይቀር ይጠርጋል፤ ደረጃ ሲወጣ ግን ግድግዳ ይደገፋል። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ወደቀ።

በቃኝ። ክኒኑን ፈጭቼ ሾርባው ውስጥ ጨመርኩት።

ወጣ። ከነጭንቅላቱ። የክብሪት ራስ የማታህል፣ አራት መምጠጫ ያላት። ቤታችን ደህና ድስት የለም፤ ማይክሮስኮፕ ግን አለ። ባሌ ቀለም ነክሮ አጎንብሶ ብዙ ቆየ።

«አንጎል አለው?» አልኩት።

«አለው።»

«እና?»

«ነገ የግኝቱ ሽልማት አለብኝ» አለና ሽንት ቤት ወስዶ ውኃ ለቀቀበት።

በማግሥቱ ባጠበብኩት ሱሪ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ትሉ አንጎል እንደሌለው ለአገር ለምድሩ አበሰረ። አዳራሹ ተነስቶ አጨበጨበ። እኔን ግን ክኒኑ ቆጨኝ። እዚያ ሰውነት ውስጥ የነበረው አንጎል የትሉ ብቻ ነበር።