ገና ነህ ባዩ አለቃ

“ገና ነህ” እያለ ሰው የሚያስረጅ መምህር ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተማርኩት ጋይንት፣ ከእንዲህ ካሉ አለቃ ዘንድ ነው። በሥዕላችን ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ሰይጣንና ከሃዲ ግን ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን ይሣላል። ጢሜ ደረቴ ደርሶም አለቃ ከሰይጣን አላሳለፉኝም። “ለሁለት ዓይን ገና ነህ” ይሉኛል።

አንድ ቀን ቁርጥማት እጃቸውን ቢይዛቸው፣ ሥዕሉን ያሠሩትን ባላባት ከማርያም እግር ሥር እንድሥል አዘዙኝ። በተፈቀደልኝ ልክ ሣልኳቸው።

ባላባቱ መጥተው አዩ። “አንተ፣ እኔን ከይሁዳ ምን አዛመደኝ? ሌላው ዓይኔስ?”

“ጌታዬ፣ ሁለት ዓይን አልተፈቀደልኝም። አለቃን ይጠይቋቸው።”

አለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “እሱስ ደርሷል። ዛሬ ልፈቅድለት አስቤ ነበር።”

ባላባቱን ያኔውኑ ወደ ፊት አዙሬ ሣልኳቸው፤ ሁለቱም ዓይኖቻቸው እስከ ዛሬ ምእመኑን ያያሉ። ሙያዬ በዚያች ቅጽበት የመጣ ይመስላችኋል?