ከስር ያለው በረንዳ

አክስቴ በሕይወቷ አንድ ጊዜ እንኳ መጀመሪያ የቀረበላትን ነገር ተቀብላ ታውቅ ይሆን? እንጃ። አብሬያት መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ያንን ቀን እጠብቃለሁ፤ እስካሁን አልመጣም።

እንደ እሷ ያለ ሰው በየሰፈሩ አለ። የሰው ዘር ሁለት ወገን ነው፤ የተሰጠውን የሚወስድና "ሌላ የለም?" የሚል። የመጀመሪያው ጊዜውን ይቆጥባል፣ ሁለተኛው የባለሱቁን ዕድሜ ያሳጥራል። ክብርት አክስቴ የሁለተኛው ወገን የበላይ ጠባቂ ናቸው።

ቲማቲም ሻጯ ከሩቅ ስታያት ዕቃዋን በማዳበሪያ ትሸፍናለች። አያዋጣትም። አክስቴ ማዳበሪያውን ገለጥ አድርጋ እጇን ከክምሩ ስር እስከ ክርኗ ትሰዳለች። "ጥሩው ሁልጊዜ ከስር ነው" ትላለች፤ "ላይ ያለው ለሞኝ የተቀመጠ ነው።" ሐብሐብ ስትመርጥ ደግሞ በጣቷ አንኳኩታ ጆሮዋን ትቀስራለች፤ ከውስጥ "ይግቡ" የሚላት ሰው ያለ ይመስል። እኔ መጽሐፍ ላይ አፍጥጬ ማደር እንጂ ገበያ መቆም አይሆንልኝም፤ ከእሷ ጋር ስወጣ የማያውቀኝ ሁሉ ያወቀኝ ይመስለኛል።

አንድ ጊዜ ጫማ ገዝታ መጣች። ቀኙ ከአንድ ሳጥን፣ ግራው ከሌላ ሳጥን። ከየጥንዱ የተሻለውን መርጣ መሆኑ ነው።

"አክስቴ፣ ቀለማቸው ይለያያል እኮ።"

"እግሮቼስ መቼ ተመሳስለው ያውቃሉ?"

ለትዳር የጠየቋትም ነበሩ። ስለ አንደኛው አንስቼባታለሁ። "እሱስ መልካም ሰው ነበር" አለችኝ ተንፍሳ፤ "ምን ያደርጋል፣ መጀመሪያ መጣ።"

ይህች መራጭ ሴት ታዲያ ዕድሜዋን የፈጀችው ማንም በማይመርጠው ቦታ ነው፤ በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ አንሶላ በሚተኮስበት ክፍል። መስኮት የለውም። ከመተኮሻው ጠረጴዛ ፊት ለፊት ግድግዳ አለ፤ ከእንፋሎቱ ብዛት ሲያልበው ይውላል። እንግዶቹ ላይ ፎቅ በረንዳቸው ላይ ቆመው ባሕሩን ያያሉ፤ እሷ ግድግዳዋንና የተኙበትን አንሶላ ታያለች።

ጡረታ በወጣች ማግስት፣ ወዳጅም ጠላትም ይስማ በሚል ድምፅ፣ "በመርከብ እሄዳለሁ" አለች። ሁለቱን ባሕሮች በሚያገናኘው ቦይ። "በረንዳ ባለው ክፍል!"

ትኬት ቢሮው ሦስት ሆነን ሄድን። እሷ ልትመርጥ፣ ታላቅ ወንድሟ አጎቴ ሊመክር፣ እኔ ልሸማቀቅ። አጎቴ የተሰጣቸውን ከሚወስዱት ወገን ነው፤ ገና ሳይጠየቅ የውስጠኛውን ክፍል ትኬት ቆርጦ ኪሱ ከቷል።

"ለእርስዎም የውስጠኛው ይሻልዎታል እማማ" አለ ትኬት ሻጩ። "ጸጥ ያለ ነው።"

"እማማ? መቼ ወለድኩህ? መስኮት አለው?"

"የለውም። ግን ግድግዳው ላይ የባሕር ሥዕል አለ።"

"አንቺ፣ ለእንቅልፍ መስኮት ምን ይሠራል?" አለ አጎቴ። "ዓይንሽን ጨፍነሽ አይደል የምትተኚው?"

"ጋሼ፣ አንተ ጨፍነህ ሂድ። እኔ እስከ ዛሬ የጨፈንኩት ይበቃኛል።"

ሻጩ የመርከቡን ሥዕል ዘረጋና ከላይኛው ፎቅ አንድ በረንዳ አሳያት። "ሌላ የለም?" ሌላ አሳያት። "ሌላ የለም?" ላቡን ጠረገ። እሷ የመርከቡን ሆድ ለማየት ይመስል ወረቀቱን ገለበጠችው። መልሳ ስትዘረጋው የሻጩ አውራ ጣት ከሥዕሉ ግርጌ ላይ አረፈ። ዓይኗ እዚያ ላይ ቀረ።

"ጣትህን አንሳ።"

"እትዬ፣ እሱ እንኳ..."

"አንሳ ብዬሃለሁ!"

ከጣቱ ስር ከሁሉም ዝቅ ያለው በረንዳ ተገኘ። "ደብቀኸዋል!" አለች ፊቷ በርቶ። "የምፈልገው ይሄንን ነው።"

"እሱ እኮ ቦዩ ውስጥ ስትገቡ..."

"ቲማቲም ሻጯም እንደዚሁ ነው የምትለኝ" ብላ አፉን አስያዘችው።

መርከቡ ላይ በወጣን ሌሊት፣ እኔም አብሬያት ባደርኩበት ክፍል፣ ዓይኗን አልከደነችም። ወንበሮቹን ተራ በተራ ተቀመጠችባቸው፣ ትራሱን ገለባበጠች፣ በሩን አንኳኳች። "ብተኛ ያመልጠኛል" አለችኝ።

ጎህ ሲቀድ ቦዩ ደረስን። ከፊታችን ያለው ሐይቅ ከእኛ ከፍ ይላል። መርከቡ ወደዚያ የሚወጣው በሁለት ግንብ መካከል ወዳለ ጠባብ ገንዳ እየገባ ነው፤ ከኋላው በር ይዘጋል፣ ገንዳው ውሃ ይሞላል፣ መርከቡም አብሮ ከፍ ይላል። ሻጩ ሊነግራት የፈለገው ይሄንን ነበር። ከስር ያለ በረንዳ ገንዳው ውስጥ ሲገባ የሚታየው ግንቡ ብቻ ነው።

ሰማዩ ጠበበ፣ ከዚያም ጨርሶ ጠፋ። እጅ ቢዘረጉ የሚነካ፣ ጥቁር፣ ያላበው ግድግዳ መጥቶ ፊታችን ተገተረ። አክስቴ ወንበሯ ላይ ደርቃ ቀረች። እኔ ምድር ቤቱን አስታወስኩ፤ እሷም ማስታወሷ ፊቷ ላይ ይነበባል።

አጎቴ ከውስጠኛው ክፍሉ ሊጎበኘን ብቅ አለ። "ወይ ጉድ!" ብሎ ሆዱን ያዘ። "በረንዳ በረንዳ ያልሽው ይሄ ነው? የእኔ ግድግዳ እንኳ ሥዕል አለው!"

ሮጬ አስተናጋጁን ጠራሁት።

"ላይ ፎቅ ባዶ ባለበረንዳ ክፍል አለ" አላት ትሕትና በተሞላበት ድምፅ። "አሁኑኑ ልቀይርልዎት።"

"ተመስገን በይና ተቀበዪው!" አለ አጎቴ።

በዚህ መካከል ውሃው መሙላት ጀመረ። ግንቡ ላይ አንድ የተሰነጠቀ ድንጋይ ነበር። ከራሳችን በላይ የነበረው ፊታችን ደረሰ፣ ከፊታችን ወደ ጉልበታችን ወረደ። አክስቴ ቀስ ብላ ተነስታ መዳፏን ግድግዳው ላይ አደረገች። እርጥቡ ድንጋይ በመዳፏ ስር ወደታች ተንሸራተተ።

"ጋሼ" አለች፤ "ይሄኛው ይወርዳል።"

"ምኑ?"

"ግድግዳው! ያኛው፣ ያን ሁሉ ዘመን ፊቱ ቆሜ ስተኩስ፣ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎልኝ አያውቅም። ይሄው እየወረደልኝ ነው።"

አጎቴ ሆዱን ለቅቆ ግድግዳውን አየ። ሰማዩ ከግንቡ አናት በላይ ተመልሶ መጣ።

"እና እትዬ፣ ልቀይርልዎት?" አለ አስተናጋጁ።

"እዚያ ላይ ሆኜ ግድግዳው ይነካል?"

"ኧረ አይነካም።"

"እንግዲያው ለሞኝ ስጠው።"

ከዚያ በኋላ ገንዳ በመጣ ቁጥር ክብርት አክስቴ ብድግ እያሉ ግድግዳውን ጨብጠው አሰናበቱት። "ና ውረድ!" ትለዋለች። "ተራህ ነው፣ ውረድ!" አጎቴም ሲያጉረመርም ቆይቶ ጎኗ ቆመና፣ ማንም ያላየው መስሎት፣ መዳፉን ዘረጋ።

የመጨረሻው በር ሲከፈት ፊታችን ሰፊው ሐይቅ ሆነ። አክስቴ እጇን በቀሚሷ አበሰችና ወደ እኔ ዞረች።

"ሌላ የለም?"

በዚህች ቃል የተነሳ በየሱቁ ስንት ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብያለሁ። ያን ጠዋት ግን፣ ምነው አንድ ግድግዳ በተረፈኝና በሰጠኋት አልኩ።

"የለም አክስቴ። የሚወርደው አለቀ።"

"ይሁን" አለች። ወንበሯን ወደ ፀሐይ አዞረች፣ ትራሱን አንድ ጊዜ ገለበጠችው፣ መልሳ ገለበጠችው፣ ከዚያ እርጥብ መዳፏን ጉንጯ ስር አድርጋ ተኛች። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነበር።