የኔ ክሪስታል የብርጭቆ አይደለም

ዛሬ መርካቶ ላይ የደረሰብኝን ውርደት ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ልንገራችሁ፤ ቢያንስ እኔ ትንሽ አሳምረዋለሁ።

ጦሱ የጀመረው ከቴሲሴ፣ ከመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ ነው።

እንደምታውቁት (አታውቁም፣ ማንም አያውቅም) ማስተርሴን የምሠራው «ክሪስታል ፊልድ ስፕሊቲንግ» በሚባል የኬሚስትሪ ጉዳይ ላይ ነው። አባቴ መርካቶ ውስጥ ጨርቅ ነጋዴ ነው። አንድ ቀን ምን እንደማጠና ሲጠይቀኝ ቸኩዬ ስለነበር «የክሪስታል መሰንጠቅ» ብዬው ወጣሁ።

በቃ። ጥፋቴ ይቺ ናት።

መርካቶ ውስጥ ክሪስታል ማለት ምን እንደሆነ ረስቼዋለኋ! ክሪስታል ማለት ለእንግዳ ብቻ ከቡፌ የሚወጣው ብርጭቆ ነው። አባም ለመስመሩ ነጋዴ ሁሉ «ልጄ ብርጭቆ ለምን እንደሚሰነጠቅ ነው የምታጠናው» እያለ ሲኮራብኝ ከርሟል።

ዛሬ ጠዋት ደወለልኝ። ከሱቃችን ጎን ብርጭቆ በጅምላ የሚያከፋፍሉት ጋሽ ከድር ይፈልጉሻል፣ ቶሎ ነይ አለ። ስደርስ ሦስት ሽማግሌዎች አግዳሚ ላይ ተሰይመዋል። ፊታቸው የተከፈተ ካርቶን አለ። ከካርቶኑ ወዲያ ደግሞ ተሸካሚው ጋሽ ተካ ቆሟል።

ጋሽ ተካ እኔ ፊደል ሳልቆጥር ጀምሮ በዚህ መስመር ዕቃ የሚሸከም ሰው ነው። ዛሬ ከመጋዘን ያመጣው ካርቶን ሲከፈት አራት ብርጭቆ ተሰንጥቆ ተገኘ። ጋሽ ከድር ጥሎት ነው ይላሉ፣ እሱ አልጣልኩም ይላል። ጥሎታል ከተባለ በመስመሩ ዳግም ዕቃ የሚያሸክመው የለም። የልጆቹ እንጀራ እዚያች ካርቶን ላይ ነው።

ታዲያ ማን ይፍረድ? የክሪስታል ሊቋ!

አባ ከሱቁ በር ላይ ቆሞ ያየኛል። እንዴት እንደሚያየኝ ብታዩ! ያን ፊት ማሳፈር አቃተኝ።

አንዱን ብርጭቆ አነሳሁ። ወደ ብርሃን አዞርኩት። ወላሂ፣ መነጽሬን ሁሉ አስተካከልኩ። ከዚያ ምን አልኩ መሰላችሁ?

«የምት ስንጥቅ ይመስላል።»

ከየት አመጣሁት? እኔ እንጃ! በሕይወቴ አንድም ብርጭቆ አላጠናሁም። ካጠብኩም ቆይቻለሁ።

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ተካ ትከሻው ላይ የሚያነጥፈውን ጆንያ አውርዶ ማጠፍ ጀመረ፣ ሊሄድ ነው።

አፈርኩ። እስከ ጆሮዬ ጋልኩ።

«ቆዩ፣ ውሸቴን ነው» አልኩ። «አላውቅም። የኔ ክሪስታል ይሄ አይደለም።»

አባ ፊቱን ወደ ጨርቁ አዞረ።

እንግዲህ ከተዋረዱ አይቀር! እውነተኛውን ሳላስረዳማ ከዚህ ንቅንቅ አልልም ብዬ ወገቤን ያዝኩ።

ኮባልት የሚባል ብረት አለ አልኳቸው። ኤሌክትሮኖቹ የሚያድሩባቸው አምስት እኩል ቤቶች አሉት፤ አንድ በረንዳ ላይ እኩል የሚነግዱ አምስት ወንድማማቾች በሉት። ስድስት ገበያተኛ ከፊትና ከኋላ፣ ከቀኝና ከግራ፣ ከላይና ከታች ሲመጣባቸው ሁለቱ ፊት ለፊት ይጋፈጡታል፣ ሦስቱ በመሃል በመሃሉ ይተርፋሉ። እኩልነት ቀረ፣ ተከፈሉ! ስፕሊቲንግ ማለት ይሄ ነው፣ መከፈል እንጂ መሰንጠቅ አይደለም። ቀለሙን የሚወስነው በሁለቱና በሦስቱ መሃል ያለው ልዩነት ነው፤ ገበያተኛው ሲቀየር ሮዝ የነበረው ሰማያዊ ሊሆን ይችላል።

አንዱ ሽማግሌ ገበያተኛ ከላይ በምን ይመጣል ብለው ጠየቁኝ። ከፎቅ ነው ብዬ አለፍኩት።

ላንታናይድ የሚባሉት ብረቶች ግን ሌላ ናቸው ብዬ ቀጠልኩ። የነሱ ወንድማማቾች የሚነግዱት ጓዳ ውስጥ ነው፣ ሌሎች ኤሌክትሮኖች ከውጭ ከልለዋቸዋል። ግፊያው ቢደርሳቸውም ለምልክት ያህል ነው። ስለዚህ ገበያተኛ ቢቀያየርም ቀለማቸው እምብዛም አይለወጥም።

ሽማግሌዎቹ አዛጉ። ጋሽ ከድር ስልካቸውን ይነካካሉ። ጋሽ ተካ ግን ጆንያውን ማጠፍ ትቷል።

«እና የውጭ ግፊያ የሚያገኘው ዳር ያለውን ነው? መሃል ያለው ይተርፋል?» አለኝ።

«አዎ!» አልኩ። ደስታዬን ብታዩ! በሁለት ዓመት ውስጥ የገባው የመጀመሪያው ሰው እኮ ነው!

«እንግዲያ ካርቶኑን እዩት» አለ። «ብጥለው ኖሮ ዳር ያሉት ነበሩ የሚሰነጠቁት።»

ሁሉም ካርቶኑ ላይ አጎነበሰ። ዳር ዳር ያሉት ብርጭቆዎች ምንም አልሆኑም። የተሰነጠቁት አራቱም መሃል ለመሃል የተቀመጡት ናቸው። ጋሽ ከድር ሌላ ሰው ያመጣውን፣ ጋሽ ተካ ያልነካውን ካርቶን ከፈቱ። የዚያም መሃሉ ስንጥቅ! ለካ ከፋብሪካው ሲወጣም እንዲሁ ነበር። ጋሽ ከድር ሽማግሌዎቹ ፊት ይቅርታ ጠየቁት፣ ከነገ ጀምሮ ዕቃዬን ካንተ ሌላ የሚሸከመው የለም አሉት።

ጋሽ ተካ ሊሄድ ሲል ወደ እኔ መጣ። እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

«እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ትምህርትሽ አወጣኝ።»

እኔን! ከሩብ ሰዓት በፊት በአንድ ዓረፍተ ነገር ከእንጀራው ላፈናቅለው የነበርኩትን! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። «እኔ አይደለሁም፣ አንተ ነህ ያየኸው» ብለው ትሑት መሰልኩት፣ ጭራሽ መረቀኝ።

አባ እስካሁን አላናገረኝም። ሻይ ግን አዞልኛል።

ሐሙስ ዲፌንስ አለብኝ፤ ፈታኞች ፊት ቆሜ ቴሲሴን እከላከላለሁ። የማላውቀውን ሲጠይቁኝ መነጽሬን ላላስተካክል ምያለሁ። «አላውቅም» ማለትን መስታወት ፊት ቆሜ እየተለማመድኩ ነው፣ እንዳሰብኩት ቀላል አይደለም። የማውቀውን ግን ቢያዛጉም ባያዛጉም እስኪገባቸው አልለቃቸውም!

ብቻ የተማራችሁ አንድ ነገር ንገሩኝ፦ ቴሲሴ ላይ፣ ምስጋና የሚጻፍበት ገጽ ላይ፣ ከአማካሪዬ ስም በፊት ጋሽ ተካን ባስቀድም ይጥሉኛል?