አያ ሙሔን ያመሰገንን ዕለት

እስቲ ልጠይቅህ፤ አንተ በሕይወት ቆመህ፣ በገዛ ጆሮህ እየሰማህ፣ ሰው ሰብስቦ ያመሰገነህ አለ? የለም። እኔንም ያመሰገነኝ የለም። «ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም» ይባል የለ? እኔ ይህ ተረት ወቀሳ ይመስለኝ ነበር። ለካ መመሪያ ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማስተምረው ከውጫሌ ወደ ገጠሩ ገባ ብላ ባለች ትምህርት ቤት ነው። በትምህርት ቤቷና በመንደሩ መካከል ወንዝ አለ። ወንዝ ስልህ ደግሞ ዓባይ እንዳይመስልህ፤ በበጋ ዶሮ ትሻገረዋለች። በልግ ሲገባ ግን ከላይ ተራራው ላይ የዘነበውን ሁሉ ይዞ ይወርድና አንደኛ ክፍልን በሙሉ እቤቱ ያስቀራል። ድልድይ? ድልድዩማ ታቅዷል። እኔ ስቀጠርም ታቅዶ ነበር።

እነዚያን ሕፃናት ጠዋት አዝሎ የሚያሻግር፣ ከሰዓት አዝሎ የሚመልስ አንድ ሰው ነበረን፤ አያ ሙሔ። ሚስቱ የሞተችበት፣ ብቻውን የሚኖር ገበሬ ነው። ማንም አልቀጠረውም። አንድ ቀን የጎረቤቱን ልጅ አሻገረ፤ በማግስቱ ሌላ ልጅ ቆሞ ጠበቀው፤ በዚያው ቀረ። ልጆቹም ዐመል አወጡ። ውሃው ቁርጭምጭሚት ባይደርስም «ካልታዘልኩ አላምንም» እንዳለችው ሙሽራ ዳር ላይ ቁጭ ይላሉ።

ባለፈው ዓመት ታዲያ ክፉ ወሬ ሰማን። ጅዳ የምትሠራው የአያ ሙሔ ልጅ ሐይቅ ከተማ ቤት ሠርታለች። «አባዬ፣ ወገብህን ጨረስከው እኮ፤ ሐይቅ ግባና ዐረፍ በል» እያለች ትደውላለች። አያ ሙሔም ማመንታት ጀምሯል። እሱ ሄደ ማለት አንደኛ ክፍል ሄደ ማለት ነው። እኔ ደግሞ የአንደኛ ክፍል መምህር ነኝ። ደነገጥኩ ብልህ አላጋነንኩም።

ርዕሰ መምህራችን መላ አያጡም። የምስጋና ቀናችን እየደረሰ ነበር፤ ለጎበዝ ተማሪ ደብተር፣ ለትጉህ መምህር የምስክር ወረቀት፣ ለበጎ ፈቃደኛ ደግሞ ብርድ ልብስ የሚሰጥበት። «አያ ሙሔን በሕዝብ ፊት እናመሰግነዋለን፤ የተመሰገነ ሰው ጥሎ አይሄድም፤ ይሉኝታ ይይዘዋል» አሉ። ኮሚቴው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ሕዝቡን ማን ይሰብስብ? የወላጅ ስብሰባ ስንጠራ የሚመጡት ሁልጊዜ የሚመጡት ብቻ ናቸው። በእኛ አገር ሰው ሳይቀር የሚወጣው ቅሬ ሲጠራ ነው። ቅሬ ማለት እስላም ክርስቲያን ሳይል መንደሩ የሚቀባበርበት ማኅበር ነው፤ የቀረ ይቀጣል። ርዕሰ መምህሩ ሄደው የቅሬውን ጠሪ ለመኑት። «አንድ ጠዋት ብቻ ጥራልን፤ ለበጎ ነገር ነው» አሉት። ጠሪው ግር ቢለውም ለትምህርት ነው ሲባል እሺ አለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ማን አስታወሰ?

ጠሪው የሚያውቀው አጠራር አንድ ብቻ ነው። በዕለቱ ጎሕ ሲቀድ ኮረብታው ላይ ወጣ። በዚያ ሆድ በሚያባባ ድምፁ «አያ ሙሔ... ትምህርት ቤት... ረፋድ ላይ... እንዳትቀሩ» አለ። ሌላ ምን ይጨምር? የተላከውን ተናግሯል። ከዚያ ወርዶ ወደ ውጫሌ ገበያ ሄደ።

አያ ሙሔ ደግሞ በዋዜማው የልጁን ቤት ሊያይ ሐይቅ ወርዶ ነበር። በጠዋቱ መኪና እንዲመለስ ነግረነዋል፤ ይህን የምናውቀው ግን እኛ ብቻ ነን። እንግዲህ አስበው፤ ሐይቅ ሄዶ ያደረ ሰው ስሙ በቅሬ ጥሪ ቢጠራ ምን ይባላል? ትምህርት ቤትስ ለምን? መኪና የሚደርሰው እስከዚያ ብቻ ስለሆነ አስከሬኑ እዚያ ይወርዳላ። ሕዝቡ ቀሪውን ራሱ ሞላው።

እኔ ስደርስ ግቢው ጢም ብሏል። ደስ አለኝ። ብቻ አንዳንድ ነገር ግራ አጋባኝ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አንዳንዶቹ ንፍሮ ይዘዋል። ለምስጋና ንፍሮ? ዳቦ ቢያጡ ይሆናል ብዬ አለፍኩ። ጎረምሶቹ አካፋና ዶማ ተሸክመዋል። «መምህር፣ በየት በኩል ነው የሚቆፈረው?» አለኝ አንዱ። ምን እንደሚቆፈር ስላላወቅሁ ወደ ርዕሰ መምህሩ መራሁት።

የርዕሰ መምህሩ ዐይን እንባ አቀረረ። አዲስ የመጸዳጃ ጉድጓድ ቆፍሩልን እያሉ ሲለምኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ዛሬ ሕዝቡ ሳይለመን ዶማ ይዞ መጣ። ጎረምሶቹን እየመሩ ከአሮጌው ሽንት ቤት ጀርባ አደረሷቸውና «እዚህ ጋ፤ ጠለቅ አድርጉት» አሏቸው።

ጎረምሶቹ ተያዩ። «ኸሽንት ቤት ሥር?» አለ አንዱ።

«ምን ችግር አለው? አሮጌውም እዚሁ ነው» አሉ።

«ያን ለመሰለ ሰው? ኧረ ወላሂ ነውር ነው» ብሎ ዶማውን ጣለው።

ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞረው ያን የመሰለ ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔ ምን ዐውቃለሁ?

ይህን ሳናጣራ ከወረዳ የጋበዝነው የክብር እንግዳ ደረሰ። ማይክ ያዘና «ፕሮግራማችንን በኅሊና ጸሎት እንጀምራለን» አለ። ለማን እንደሆነ አልተናገረም። ስብሰባ የሚከፈተው እንደዚያ ነው። ሕዝቡ ብድግ አለ። ጸሎቱ ሳያልቅ እትዬ ዘሀራ፣ የአያ ሙሔ ጎረቤት፣ «ወይኔ ሙሔ» ብላ ለቀቀችው። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመው? እንግዳው ጠጋ ብሎ ሕዝቡ በጎ ፈቃደኛውን ይህን ያህል ይወደዋል ወይ አለኝ። እኔም ያወቅሁት ገና ዛሬ እንደሆነ ነገርኩት። እውነቴን ነው።

በዚህ መሐል አያ ሙሔ ከመኪና ወርዶ መጣ። ለቅሶ ሲያይ ጊዜ በጓሮ በኩል ገብቶ ከኋላ ተቀመጠ። አጠገቡ ያሉትን ዐይናቸው የደከመ ሽማግሌ ማን እንደሞተ ጠየቃቸው። «ሙሔ» አሉት። እኛ አገር ሙሔ ሞልቷል፤ ለቅሶ መሐል ደግሞ የትኛው ሙሔ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። «ኢናሊላሂ» ብሎ ጋቢውን ተከናነበ።

ሰው እየተነሣ ይናገር ጀመር። አንዱ፣ ልጄን ትኩሳት ጥሏት በጀርባው ጤና ጣቢያ ያደረሰልኝ አለ። ሌላው፣ ተጣልተን ሳለ እንኳ ልጄን አሻግሮልኛል አለ። አያ ሙሔ በጋቢው ጫፍ እንባውን ይጠርጋል። «ያ ረቢ፣ እንዲህ ያለ ሰው አገራችን ውስጥ ኖሮ ሳላውቀው» አለ ለሽማግሌው። በመጨረሻ እትዬ ዘሀራ ተነሣች። «ሙሔ፣ ልጆቼን ወንዙን ማን ያሻግርልኝ?» ስትል የአያ ሙሔ እጅ ፊቱ ላይ ቀረ። ጋቢውን ገለጠና ቀስ ብሎ ቆመ።

«እኔ ነኝ እንዴ?» አለ።

የሆነውን ልነግርህ አልችልም። የሮጠ አለ፣ የወደቀ አለ። እትዬ ዘሀራ መጀመሪያ ተቆጣች፤ ያን ያህል አስለቅሶ ቆሞ መምጣቱ አስከፋት። ከዚያ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። የቅሬው ዳኛ ንፍሮው ከተቀቀለ ይበላ ብለው ፈረዱ። ሼሁ ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱ መረቁ፣ እንግዳው ብርድ ልብሱን አለበሰው። አልዋሽህም፣ እኔም አለቀስኩ። ርዕሰ መምህሩ በጆሮዬ «ከእንግዲህ የትም አይሄድም» አሉኝ።

ሰኞ ዘነበ። ልጆቹ ወንዙ ማዶ ቁጭ ብለዋል። አያ ሙሔ የለም። እኔና ርዕሰ መምህሩ ጫማችንን አውልቀን ተሻግረን ቤቱ ሄድን። ዕቃውን እየሸከፈ አገኘነው።

«ምነው አያ ሙሔ፣ ልጆቹ እየጠበቁህ እኮ ነው» አሉት ርዕሰ መምህሩ።

«አለቀ እኮ» አለ፣ ገርሞት። «ሰው የሚመሰገን ሥራው ሲያልቅ አይደል? ዱዓውም ተደረገ፣ ምርቃቱም ተመረቀ።»

«እኛማ እንድትቆይ ብለን ነው ያመሰገንንህ» አልኩት።

«እስተ ዛሬ የቆየሁትማ ማንም ምንም ስላላለኝ ነው። ገና ምኑን ሠራሁት እያልኩ። አሁን እግሬ ቢከዳኝ፣ አንድ ልጅ ቢወድቅብኝ፣ ያ ሁሉ ለቅሶ ውሸት ሊሆን? የተለቀሰለት ሰው ሁለተኛ አያጠፋም። አብሽሩ፣ እናንተ ጎበዞች ናችሁ፤ ታሻግራላችሁ።»

በዚያው ሳምንት ሐይቅ ገባ።

አንደኛ ክፍል እንዳይበተን እኔና ርዕሰ መምህሩ ተከፋፍለን ማዘል ጀመርን። ጠዋት አዝላለሁ፣ ቀን አስተምራለሁ፣ ከሰዓት አዝላለሁ። ርዕሰ መምህሩ አንድ ጊዜ ተንሸራተው ከነልጁ ተቀመጡ፤ ልጁ ምንም አልሆነም፣ እሳቸው ግን እስካሁን ሲነሡ ወገባቸውን ይይዛሉ። ሰውን በሕይወት ሳለ አመስግኑ የሚል ካጋጠመህ ወደ እኔ ላከው፤ አንድ ሁለት ልጅ አሸክመዋለሁ።

ዘንድሮም የምስጋናው ቀን ደርሷል። እኔም ሳላፍር ለአንዳንድ የኮሚቴ አባላት «ምነው እኔን ብታመሰግኑኝ» ብዬ ጠቆም አድርጌ ነበር። ዘግይቻለሁ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ርዕሰ መምህራችን ናቸው፤ ለምስጋና ያቀረቡትም አንድ ሰው ብቻ ነው። ራሳቸውን።