የሊምባኒ ፓውዛ

[ማላዊ፣ ሐይቁ ዳር፣ ካፖንዳ መገንጠያ። ፀሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል። ማንጎው ስር ሁለት ካባዛዎች ቆመዋል፤ የኋላ ወንበራቸው ላይ ትራስ የታሰረላቸው፣ ሰው የሚያመላልሱ ብስክሌቶች ናቸው። የሊምባኒ ብስክሌት መሪ ላይ ድስት የሚያህል መብራት ተተክሏል። የፋትሳኒ መሪ ላይ ያለው ደወል ብቻ ነው፤ እሱም አይጮህም። ሁለቱም የማህበሩን ቢጫ ሰደርያ ለብሰዋል። ሊምባኒ ዕውቀት እንደ ላብ የሚወጣው ሰው ነው፤ ባይጠይቁትም ይወጣዋል።]

ሊምባኒ፦ እሱን መብራት አትበለው አልኩህ። ዳይናሞ መብራት አይደለም።

ፋትሳኒ፦ ይበራል እኮ።

ሊምባኒ፦ የበራ ሁሉ መብራት ነው እንዴ? የሲጋራ ጫፍም ይበራል።

ፋትሳኒ፦ እሱን መሪ ላይ ማሰር ይቻላል?

ሊምባኒ፦ [ዓይኑን ጨፍኖ] ፋትሳኒ ወንድሜ፣ ዛሬ ባምቦ ካሊሎምቤ ይመጣሉ። ሊቀመንበራችን። ፀሐይ ስትጠልቅ መሪው ላይ መብራት የሌለው ሰደርያውን አውልቆ ያስረክባል። ሰደርያ ከሌለ ተሳፋሪ የለም። ተሳፋሪ ከሌለ ቤትህ የበቆሎ ንሲማ አይገነፋም። ይኼ ይገባሃል?

ፋትሳኒ፦ እሱማ ገብቶኛል። አራት ልጆች አሉኝ፣ በየቀኑ ያስታውሱኛል።

ሊምባኒ፦ ታዲያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምን ትጠብቅ ነበር?

ፋትሳኒ፦ የቱ እንደሚሻል ስትነግረኝ ነበር። አልጨረስክልኝም።

ሊምባኒ፦ እንግዲህ ለመጨረሻ ጊዜ ስማ። ዳይናሞ ጎማው እየታከከው ነው የሚሠራው። ስትነዳ ይበራል፣ ስትቆም ይጠፋል።

ፋትሳኒ፦ ከቆምኩ በኋላ ምን ያደርግልኛል?

ሊምባኒ፦ ዳገት ላይስ? ቀስ ስትል አብሮህ ይፈዛል።

ፋትሳኒ፦ ዳገት ላይማ ወርጄ ነው የምገፋው። ተሳፋሪውም ይወርዳል። ከወረደ በኋላ በእግሩ ያያል።

ሊምባኒ፦ ሰው በዓይኑ ነው የሚያየው።

ፋትሳኒ፦ እሱ ቀን ነው።

ሊምባኒ፦ [እንዳልሰማ ሆኖ] ሁለተኛው ግንባር ላይ የሚታሰረው ባትሪ ነው፤ ዓሣ አጥማጆቹ የሚያስሩት። ወደዞርክበት ይዞራል።

ፋትሳኒ፦ እሱን ሞክሬዋለሁ። ከኋላዬ የተቀመጡት ሴትዮ አንድ ነገር ጠየቁኝ። ልመልስ ዞር ስል መንገዱ ጨለመ፣ ቦይ ገባን።

ሊምባኒ፦ አትመልስላቸዋ።

ፋትሳኒ፦ የሚስቴ እናት ናቸው።

ሊምባኒ፦ እሺ። ሦስተኛው ሶላር ነው። ቀን ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለህ፣ ማታ ይሠራል።

ፋትሳኒ፦ እሱንም ገዝቼ ነበር። ሚስቴ ከኡሲፓ ዓሣው ጋር አብራ አሰጣችው። ዓሣው ሲደርቅ ጠቅልላ ገበያ ወሰደችው፣ መብራቱም በዓሣ ዋጋ ተሸጠ። የገዛችው ሴትዮ ደግሞ መልሳ አላመጣችውም፤ ወጥ ውስጥ ብትጨምረው ነው መሰለኝ።

[ሊምባኒ ይኼን ሰውዬ ማሰልጠን ዕጣው መሆኑን ከተቀበለ ቆይቷል። ወደ ራሱ ብስክሌት ሄደና መብራቱን በእጅጌው ወለወለው። ይኼን የሚያደርገው በቀን አስር ጊዜ ነው።]

ሊምባኒ፦ መብራት ማለት ይኼ ነው። ስድስት አምፖል። ፀጉር አስተካካዩ ጋ ቻርጅ አደርገዋለሁ። ከዚህ ማንጎ እስከ ጥጥ መጋዘኑ ድረስ፣ መንገዱ ላይ ያለውን ጠጠር አንድ ባንድ ይቆጥርልሃል። [ያበራዋል] እየው።

ፋትሳኒ፦ [አጎንብሶ እያየ] ምንም አይታየኝም።

ሊምባኒ፦ ፀሐይ ስላለች ነዋ።

ፋትሳኒ፦ ከፀሐይ ያንሳል ማለት ነው።

ሊምባኒ፦ [ያጠፋዋል] አንተን ማስረዳት ጎማ በአፍ መንፋት ነው። የማህበሩን ደንብ ማን አረቀቀ?

ፋትሳኒ፦ አንተ።

ሊምባኒ፦ አንቀጽ ሦስት ምን ይላል? "መብራቱ የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም፤ መሪ ላይ መኖሩ ይታያል።" አንቀጽ አራት? "ለፍተሻ ሲባል ከመሪ ወደ መሪ ማዘዋወር ክልክል ነው።" ይኼን ያስገባሁት እንዳንተ ያሉት አንድ መብራት እየተዋዋሱ አስር ሆነው እንዳያልፉ ነው። ባምቦ አጨብጭበውልኛል።

ፋትሳኒ፦ አስታውሳለሁ። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ሊምባኒ፦ እንዲያውም ይኼን ሸጬ ባለ ስምንት አምፖሉን ልገዛ ነው።

ፋትሳኒ፦ ምን ጎደለው?

[ሊምባኒ ትራሱን ቸብ ቸብ አደረገ። ትራሱ አዲስ ነው። መብራቱን ከገዛ ጀምሮ ከመሸ በኋላ አንድም ሰው አልተቀመጠበትም፤ ይኼን ለሚስቱ እንኳን አልነገረም። ሚስቱ ግን ሁለት ጊዜ ጠይቃዋለች። እሱ የደረሰበት መደምደሚያ መብራቱ ትንሽ ነው የሚል ነው።]

ሊምባኒ፦ ምንም አልጎደለው። መንገዱ ጭር ብሏል እንጂ። ሰዉ ማታ መውጣት ትቷል።

ፋትሳኒ፦ እኔ ትናንት ማታ ሦስት ሰው ጫንኩ።

ሊምባኒ፦ ያለ መብራት?

ፋትሳኒ፦ ኧረ በመብራት።

ሊምባኒ፦ በማን መብራት?

ፋትሳኒ፦ ባንተ።

[አንዲት ዶሮ በሁለቱ ብስክሌቶች መሃል አለፈች።]

ሊምባኒ፦ አልገባኝም።

ፋትሳኒ፦ ቀስ ብዬ ላስረዳህ። አንተ ስትነሳ እኔም ራቅ ብዬ ከኋላህ እነሳለሁ። ያንተ ፓውዛ ፊቴን ወለል ያደርግልኛል፤ እውነትህን ነው፣ ጠጠሩ ይቆጠራል። ከሰል የሚያመላልሱት ልጆች ከሩቅ ሲያዩህ የደን ጠባቂዎቹ መኪና መጣ ብለው ከነጆንያቸው በቆሎ ውስጥ ይገባሉ። ከገበያ የሚመለሱት እናቶች ደግሞ የጭነት መኪና ነው ይላሉ። በዚህ መንገድ ላይ ትልቅ መብራት መቼ ለሰው መንገድ ለቆ ያውቃል? ቦይ ውስጥ ይዘልላሉ። አንተ ታልፋለህ።

ሊምባኒ፦ እሺ?

ፋትሳኒ፦ ከዚያ ይወጣሉ። አንዷ ጫማዋ ጠፍቷል፣ አንዷ ቁርጭምጭሚቷን ይዛለች። በእግር ለመሄድ ማንም አቅም የለውም። እኔ እደርሳለሁ። ደወሌ ስለማይሠራ አፏጫለሁ። ይቀመጣሉ።

ሊምባኒ፦ [ድምፁ ቀጥኖ] ከኔ ነው የሚሸሹት?

ፋትሳኒ፦ ካንተማ አይደለም። ባለፈው ሐሙስ አንዲት እናት ከቦዩ ሲወጡ ሲራገሙ ሰማኋቸው። "ኧረ መብራቱ ነው እንጂ ሰውየው ደግ ነው" አልኳቸው።

ሊምባኒ፦ ስሜን ነገርካቸው?

ፋትሳኒ፦ ሾፌር መስለሃቸው ነው የረገሙህ። ስም አልጠየቁም።

[ሊምባኒ ተናደደ። የተናደደው ግን በፋትሳኒ ብቻ አልነበረም፤ ባዶ ትራስ ይዞ በተመላለሰበት ሦስት ሳምንትም ነበር። ከዚያ ፊቱ ቀስ እያለ በራ። ሊምባኒ ፊቱ ሲበራ አዲስ ዕውቀት መጥቷል ማለት ነው።]

ሊምባኒ፦ ገባኝ። ሳይንሱ ግልጽ ነው። ፊት ያለው ያበራል፣ ኋላ ያለው ይጭናል። ዛሬ ፊት የምትሄደው አንተ ነህ።

ፋትሳኒ፦ እኔ መብራት የለኝማ።

ሊምባኒ፦ ይኖርሃል። [ከኪሱ መፍቻ አውጥቶ መብራቱን ከመሪው መፍታት ጀመረ]

ፋትሳኒ፦ ሊምባኒ፣ ዛሬ እኮ ባምቦ...

ሊምባኒ፦ መሪህን ያዝልኝ፣ አታወዛውዘው።

ፋትሳኒ፦ ባምቦ ሊመጡ...

ሊምባኒ፦ ባምቦ እኔን ነው የሚፈትሹት? ደንቡን ያረቀቅኩትን ሰው? ዝም ብለህ ያዝ። ይኼን ብሎን የሚያጠብቅ ሰው እዚህ መገንጠያ ላይ ከኔ ሌላ የለም።

ፋትሳኒ፦ እሺ ካልክ።

[ሊምባኒ መብራቱን ፋትሳኒ መሪ ላይ አሰረ፣ አጠበቀ፣ ነቅነቅ አድርጎ ሞከረ። ፍንክች አይልም። ፀሐይዋ ከጥጥ መጋዘኑ ጀርባ ገባች። ባምቦ ካሊሎምቤ ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው በእግራቸው መጡ። ፋትሳኒ ሁለት መዳፉን ገጥሞ እያጨበጨበ ዝቅ ብሎ ሰላም አላቸው፤ ሊምባኒ መፍቻውን አስቀምጦ ተከተለው።]

ባምቦ ካሊሎምቤ፦ እንዴት ዋላችሁ ልጆቼ። እስቲ እንይ። ፋትሳኒ፣ አብራው።

[ፋትሳኒ አበራ። ማንጎው፣ መጋዘኑ፣ የባምቦ መነጽር ሁሉ ቀን ሆነ። ከመንገዱ ማዶ አንድ ብስክሌት ሁለት ጆንያ ከሰል እንደጫነ በቆሎ ውስጥ ገባ።]

ባምቦ ካሊሎምቤ፦ [ዓይናቸውን በደብተሩ ከልለው] በቃ፣ አጥፋው። አንተን እንኳን ተጠራጥሬህ ነበር፣ ይቅር በለኝ። ሊምባኒ፣ ያንተስ?

ሊምባኒ፦ ባምቦ፣ እሱ ነው የኔ።

ባምቦ ካሊሎምቤ፦ የቱ?

ሊምባኒ፦ ይኼ። አሁን ያዩት። እኔ ነኝ የገዛሁት፣ እኔ ነኝ ቻርጅ የማደርገው። [መፍቻውን አነሳ] አንዴ ይጠብቁኝ፣ ልመልሰው።

ባምቦ ካሊሎምቤ፦ ተው፣ አትንካው። [ደብተሩን ገለጡ] "የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም።" እኔ አልጠየቅኩም። "ከመሪ ወደ መሪ ማዘዋወር ክልክል ነው።" ይኼ የማን የእጅ ጽሑፍ ነው ልጄ?

ሊምባኒ፦ [መፍቻውን ዝቅ አድርጎ] የኔ ነው ባምቦ።

ባምቦ ካሊሎምቤ፦ ደግሞ እንዴት ያምራል። እስከሚቀጥለው ወር ስብሰባ ሰደርያው እኔ ጋ ይቆያል።

[ሊምባኒ ሰደርያውን አውልቆ አጣጥፎ አስረከበ። ዕጥፋቱ ላይ እንኳን ተጠንቅቋል። ባምቦ ሄዱ። ሊምባኒ መፍቻውን ኪሱ ከተተ፤ ሚስቱ ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ ትጠይቀዋለች።]

ፋትሳኒ፦ ና፣ ትራሱ ላይ ውጣ። ቤት ላድርስህ።

ሊምባኒ፦ ብስክሌቴስ?

ፋትሳኒ፦ ማንጎው ጋ ቆልፈው። ሲነጋ መጥተህ ትወስደዋለህ። በጨለማ እንዳትነዳ፤ መብራት የለህም።

[ሊምባኒ ቆለፈና ወጥቶ ተቀመጠ። የፋትሳኒ ትራስ ያረጀ ነው፤ ብዙ ሰው ተቀምጦበታል።]

ሊምባኒ፦ [ከኋላ ወንበሩ] ፋትሳኒ፣ እውነቱን ንገረኝ። ለዛሬው ፍተሻ መብራት ከየት ልታመጣ አስበህ ነበር?

ፋትሳኒ፦ ነገርኩህ እኮ። የቱ እንደሚሻል እስክትነግረኝ እየጠበቅኩ ነበር። [ፔዳሉን ረገጠ] ዛሬ ጨረስክልኝ።