ጋሽ ሐብተማርያም የሞቱበት ሳምንት

ሦስት ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ፣ አንዱ የፍርድ ቤት ደጅ ረግጦ የማያውቅ የሕግ ሊቅ ነው። ሁለቱ ሊጣሉ ሲሉ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

እዚህ አሜሪካ፣ ለሜፕልዉዱ አፓርታማችን የደረሱን ክቡር ሊቀ ሕግ ጋሽ ሐብተማርያም ናቸው። የትምህርት ቤት ባስ ይነዳሉ። በጠዋቱና በከሰዓቱ ዙር መሃል ባዶው ባስ ውስጥ ተቀምጠው ስለ ለንደን ፍርድ ቤቶች በአማርኛ ብሎግ ይጽፋሉ፤ የትኛው ጋዜጣ የማንን ስም አጠፋ፣ ማን አቤት አለ፣ ዳኛው ምን አሉ። ለንደንን አይተዋት አያውቁም። አንባቢያቸው እኔ ነኝ፤ በራችን ፊት ለፊት ነው፣ እምቢ ማለትም አልችልበትም።

«ጋሼ፣ ለምን ስለ አሜሪካ ሕግ አይጽፉም?» አልኳቸው አንድ ቀን፣ እንደምንም ደፍሬ።

«የአሜሪካ ሕግ ልጅ ነው፣ ማዕዶት። እኔ የማነጋግረው አባትየውን ነው።»

መኪናዬ በበረዶ ቀን ቶው ተደርጋ፣ ተጎትታ ስትወሰድ፣ «በእንግሊዝ ሕግ ቢሆን!» አሉ። የቤተ ክርስቲያናችን የቴሌግራም ቻናል የሰርግ ቀን ተሳስቶ ሲያወጣ፣ ማስተካከያው በዚያው ቦታ፣ በዚያው የፊደል መጠን እንዲወጣ አቤቱታ ላኩ። ቻናሉን የሚያዘጋጀው ወንድም ሙላው ስማቸው ሲነሳ ራሱን ያመዋል።

ታዲያ በጥር ወር፣ አንድ ሐሙስ ቀን፣ ያው ቻናል የጋሼን ፎቶ በጥቁር ክፈፍ አወጣ። «ወንድማችን ሐብተማርያም ወደ ጌታ ተሰብስበዋል።» የሞቱት ግን ሌላ ሐብተማርያም ነበሩ፣ ሻኮፒ የሚባል ከተማ መጋዘን የሚሠሩ። እዚህ አገር የሰውን የአባት ስም የሚያውቀው ባንክ ብቻ ስለሆነ፣ ሙላው የሚያውቃቸውን ሐብተማርያም ገደለ።

ሰው ወንበርና ውሃ ጭኖ ጋሼ ቤት ለለቅሶ መጣ። በሩን የከፈቱት ራሳቸው ነበሩ።

የጮኸ የለም፤ የሳቀም የለም። አንዲት ሴት የያዘችውን ድስት አቀበለቻቸው። ተቀበሏት። ለቅሶ ቤት ድረስ መጥቶ ሳይቀመጥ የሚመለስ የለምና ሁሉም ገብቶ ተቀመጠ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ እሳቸው ማውራት ጀመሩ።

«ደግ ነበሩ» አለች ሴትዮዋ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየች።

«ነበርኩ?» አሉ ጋሼ።

ሴትዮዋ ዓይኗን ጠረገች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ሰው ሲያልፍ በራሱ የሚበራው የኮሪደራችን መብራት ለእሳቸው መብራቱን ተወ። በዓይኔ አይቻለሁ። እሳቸው ሲያልፉ ጨለማው እንዳለ ይቆያል፤ እኔ ስከተል ቦግ ይላል። ፓርኪንግ ላይ የጎረቤታችን የሩሐማ ልጅ ጣቱን ቀስሮባቸው፣ «ማሚ፣ ሂ ኢዝ ዴድ፣ ራይት?» አለ፤ ሞተዋል አይደል ማለቱ ነው። ሩሐማ አፉን በእጇ ከደነችው። «አይደለም» ግን አላለችም።

ዓርብ ዕለት ሙላው ደወለ። ኮሪደሩ ላይ ቆመን ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«ጋሼ፣ በጌታ ይቅር ይበሉኝ። ዲሊት አድርጌዋለሁ።»

«ማጥፋት ማስተካከል አይደለም! ለመሆኑ ለዚያኛው ሰውዬ ማን አለቀሰ?»

«ማንም። ዘመድ የላቸውም። ቤት ያከራየቻቸው ዳራርቱ ብቻ ናት ያለችው። ነገ ይቀበራሉ።»

ጋሼ ግድግዳውን ተደገፉ። «ማዕዶት፣ በእንግሊዝ ሕግ የሙት ስም ቢጠፋ ካሳ የሚጠይቅለት የለም። ሙት አይከስስም።»

«ታዲያ ምን ይደረጋል?»

«ሕጉ ተሳስቷላ! የእኔ ስም ምን ሆነ? ምንም! እኔ እኮ የሰው ሞት ነው የወሰድኩት። የመጣው ወንበር፣ ያ ሁሉ እንባ የእሱ ነበር።» ወደ ስልኩ ዞሩ። «ሙላው፣ የእሱን ፎቶ ከዳራርቱ ተቀብለህ ከነአባቱ ስም አውጣ። ስለ እኔ አንድ ቃል እንዳትጽፍ።»

«ጋሼ፣ ሰው እርስዎን እንደሞቱ...»

«እኔ እቆያለሁ። እሱ ነው ነገ የሚቀበረው።»

ሙላው እንደተባለው አወጣ። ቅዳሜ በረዶ እየጣለ ሰዉ ለቀብሩ ሻኮፒ መጣ። ጋሼ ቤት ለቅሶ ተቀምጠው የነበሩት ሁሉ፣ እነዚያው ሰዎች ነበሩ። ከሬሳው ሳጥን ፊት ያለው የቅርብ ዘመድ መቀመጫ ግን ባዶውን ነበር። ዳራርቱ እንኳ ከኋላ ቆማ ታለቅሳለች። ጋሼ ኮታቸውን ቆልፈው ሄዱና እዚያ ተቀመጡ።

ሰዉ ተሰለፈ። እያንዳንዱ ጎንበስ እያለ፣ ሞቱ ብሎ ላለቀሰላቸው ሐብተማርያም፣ «ጌታ ያጽናናዎት» አለ። እሳቸውም «አሜን» አሉ። አንድም ሰው ቀና ብሎ ሊያያቸው አልደፈረም።

ተራዬ ሲደርስ እጃቸውን ያዝኩ፤ በረዶ ነው። የማደርገው ቢጠፋኝ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከኋላዬ የነበረችው ሩሐማ እሳቸውን አጽናንታ ሳትመለስ ወደ እኔም ጎንበስ አለች።

«ጌታ ያጽናናሽ።»

«አሜን» አልኳት፣ እጃቸውን ሳልለቅ።