ልጄን ከሰው ያራቅኋት መስሎኝ

ዛሬ የደረሰብኝን ስነግራችሁ ገሚሶቻችሁ «የእጇን አገኘች» ትላላችሁ። በሉ። እኔም ለራሴ ይህንኑ ስል ነው የዋልኩት።

ባለፈው ሳምንት የለጠፍኳትን ፖስት ታስታውሳላችሁ? ያቺን ረጅሟን? «ኩፍኝ ከተማችን ገብቶ እያለ ልጁን ኬጂ የሚልክ ወላጅ ልቡን ይመርምር» ያልኩባትን?

አዎ፣ እሷን። ሼር ያደረጋችሁ ሰዎች ቀስ ብላችሁ አጥፏት።

ለማታውቁኝ፣ ሚዛን ተፈሪ ነው የምኖረው። ሐናን የምትባል ሦስት ዓመት ያለፋት ልጅ አለችኝ። መስከረም ላይ ኬጂ ልትገባ ዩኒፎርሟ ተሰፍቶ፣ ቦርሳዋ ተገዝቶ፣ «ቦርሳዬን አዝዬ ካልተኛሁ» እያለች ስታስቸግረን ነበር። ልክ በዚያው ሳምንት ኩፍኝ ገባ ተባለ። መጀመሪያ ሸኮ በኩል አሉ። ቀጥሎ ሸዋ ቤንች አሉ። ቀጥሎ እኛው ሰፈር።

እዚህ ላይ አትሳቁብኝ። ታናሽ ወንድሜን የወሰደው ኩፍኝ ነው። ሰባት ዓመቴ ነበር። እናቴ እሱ የተኛበትን ክፍል በር ዘግታ «አትግቢ» ያለችኝን ዛሬም አልረሳሁትም። ስለዚህ ኩፍኝ ሲባል እኔ ጤነኛ ሰው አይደለሁም።

«አትገባም» አልኩ። «ይሄ ነገር ይለፍና ትገባለች።»

የሐናን አባት «ኧረ ተዪ፣ ልጅቷ ትምህርቷ ይቀርባታል» አለ። ጥቅምት ሲገባ ደግሞ የኬጂው ቲቸር ደውላ «ቦታዋን የምይዝልሽ እስከ ዓርብ ብቻ ነው፣ ከዚያ ለከርሞ ነው» አለችኝ።

ዓርብ ማለት ዛሬ ነው።

ሳምንቱን እንዴት እንደሰነበትኩ አትጠይቁኝ። ጠዋት «ትግባ» እላለሁ፣ ምሳ ላይ «አትግባ» እላለሁ። ግንባሯን በቀን ሃያ ጊዜ እዳስሳለሁ። ልጅቷ ከመልመዷ የተነሳ እጄን ስዘረጋ ራሷ ግንባሯን አቅርባ ትቆማለች። እናቴ ከጅማ ደውላ «ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ቋጥረሽ አንገቷ ላይ እሰሪላት» አለች። አሰርኩላት። አሁን ሐናን ከመምጣቷ በፊት ሽታዋ ይመጣል።

እሺ፣ ልጅቷ ኬጂ ካልሄደች የት ትውላለች?

ከእኔ ጋ። ሥራ ቦታ።

ሥራዬ ደግሞ ቡና መፈልፈያ ጣቢያ እሸት ቡና እየተረከቡ መመዝገብ ነው። ያውም በጥቅምት። የዚህ አገር ሰው ጥቅምት ምን እንደሆነ ያውቃል። ለማታውቁት ግን፣ ቡናው ይቀላና ከተማው ጠቅላላ ወደ ቡናው ይነቀላል። እናቶች ከመሬት ከፍ ተደርጎ በተሠራው ማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና ሲያገላብጡ ይውላሉ፣ ልጆች አልጋው ሥር ይውላሉ። ትምህርት ቤት ጭር ይላል።

ይህንን አላውቅም እንዳልል ስምንት ዓመት የሠራሁት እዚሁ ነው። ግን ወላሂ፣ ሁለቱን ነገር አንድ ቀን እንኳ አያይዤ አላሰብኳቸውም። በእኔ ጭንቅላት በሽታው ያለው ኬጂ ነው፣ አለቀ።

ዛሬ ረፋዱ ላይ እሸት እየተረከብኩ ሳለ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የክትባት ሳጥኗን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ መጣች። ከኋላዋ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው?

ቲቸር!

ደነገጥኩ። ልጄን ልትወስድብኝ የመጣች ነው የመሰለኝ። መዝገቤን ታቅፌ ጆንያ ጀርባ ልሸጎጥ ስል አየችኝ።

የጤና ኤክስቴንሽኗ ሴቶቹን ሰበሰበችና ስለ ኩፍኝ አስረዳች። ከዚያ «እስቲ ልጆቻችሁን ሰው ከሚበዛበት ቦታ ያራቃችሁ እጃችሁን አውጡ» አለች።

እኔ አወጣሁ። እስክሪብቶ የያዝኩበትን እጄን፣ ከፍ አድርጌ። ቲቸር እንድታይልኝ።

ያወጣሁት ብቻዬን ነበር። ሰዉን ስመለከት ግን ሁሉም የሚያየው እኔን ሳይሆን ከኋላዬ ነው። ዞርኩ።

ሐናን ማድረቂያ አልጋው ሥር ተቀምጣለች። ዙሪያዋን ልጅ ነው፤ ስንት እንደሆኑ አልነግራችሁም፣ አፍራለሁ። ቀይ እሸት ቡና አፏ ውስጥ አድርጋ እየመጠጠች ነበር። ጣፋጩ ሲያልቅባት አወጣችና አጠገቧ ላለው ልጅ አፍ ውስጥ ከተተችለት። እሱም የራሱን አውጥቶ ሰጣት። በጣም ተረጋግተው ነው የሚለዋወጡት፣ ቀኑን ሙሉ ሲሠሩት የዋሉ ነው የሚመስሉት።

ነጭ ሽንኩርቱ አንገቷ ላይ አለ፣ እሱስ አልወለቀም።

ቲቸር ልጆቹን በየስማቸው ጠራቻቸው። «ክፍሌ የሚውለው እዚህ ነው እንዴ?» አለች። ለካ ኬጂው ውስጥ የቀሩላት አራት ልጆች ብቻ ናቸው። እነሱን መስኮት ከፍታ፣ አራርቃ አስቀምጣ፣ ለረዳቷ ትታ የቀሩትን ፍለጋ ነው የመጣችው። ከኩፍኝ መሸሸጊያ ቢፈለግ ከዚያ ክፍል የተሻለ አልነበረም። እኔ ደግሞ ልጄን ከዚያ አስቀርቼ... ተዉት።

«ሐናን በዚህ የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ተከትባለች?» አለችኝ የጤና ኤክስቴንሽኗ።

«በዘጠኝ ወሯ ተከትባ ነበር። የአሁኑን አልተከተበችም።»

«ጤና ጣቢያ ለምን ይዘሻት አልመጣሽም?»

አፌ መቼ ያርፋል። «ሰው ይበዛል ብዬ» አልኩ።

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። አንዷ የያዘችውን ቅርጫት ለቀቀችው፣ እሸቱ መሬት ላይ ተበተነ። አማርኛው ላልገባቸው ደግሞ በቤንችኛ ተተረጎመላቸውና እነሱም በተራቸው ሳቁ። ሁለት ጊዜ ተሳቀብኝ ማለት ነው።

እኔ ግን ያ የወንድሜ የተዘጋ በር ነው ፊቴ ድቅን ያለው። ሄጄ ከሐናን ጋር ቡና የተለዋወጠውን ልጅ ግንባር ዳሰስኩ፣ ከዚያ የሌላውን፣ ከዚያ የሁሉንም። አንዱንም አላተኮሰውም፣ አልሐምዱሊላህ። የጤና ኤክስቴንሽኗም አንድ በአንድ አይታ፣ አሰልፋ ከተበቻቸው። «ሁለት ሳምንት ተከታተዪያት፣ ትኩሳት ካየሽ ቶሎ አምጫት» አለችኝ። ሐናን የተወጋችው ቲቸር እቅፍ ውስጥ ሆና ነው። ከእሷ ይበልጥ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

መርፌው ሲያልቅ ሐናን ቲቸርን «ነገም ትመጪያለሽ?» አለቻት።

«እኔ አልመጣም፣ ሰኞ የምትመጪው አንቺ ነሽ። እማዬ ከፈቀደች» አለችና ቀና ብላ አየችኝ። ሴቶቹም አዩኝ። እጄን ወደ ሐናን ስዘረጋ የለመደችው ነገር ነውና ግንባሯን አቀረበችልኝ። ዳሰስኩት። ቀዝቃዛ ነው።

«ትመጣለች» አልኩ።

ይኸው ቦርሳዋን ከአሁኑ አዝላዋለች። እኔ ሁለቱ ሳምንት እስኪያልፍ እንቅልፍ የለኝም፣ እሱን ተዉት። አሁን ያስቸገረኝ ያቺ ፖስት ናት። ላጥፋት፣ ወይስ «ኬጂ» የሚለውን ሰርዤ «ቡና መፈልፈያ» ልበልበትና ልቤን ልመርምር?